ጎርፍን የመከላከል ወጪ በደጀንና በምሥራቅ ጎጃም ደጋ

የኢትዮጵያ መንግሥት ጎርፍን ለመከላከል ያወጣው ገንዘብ ታሪክ ሲነሣ ቀድመው የሚጠቀሱት የአዋሽ ሸለቆ፣ የፎገራ ሜዳና የድሬዳዋ ከተማ ሲሆኑ፣ ሦስቱም ከደጋ የወረደ ወንዝ ከመውረጃው ሞልቶ በሜዳ ላይ የሚተኛባቸው ቦታዎች ናቸው። ደጀን የምትገኘው በተቃራኒው ጫፍ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በአባይ ሸለቆ ሰሜናዊ አፋፍ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ አባይ የቱንም ያህል ቢሞላ ከማሳዋም ሆነ ከደጃፏ አይደርስም። በደጀንና በአጎራባች ወረዳዎች ጎርፍ የሚባለው በክረምት ከማሳ ላይ ተሰብስቦ፣ አፈር ተሸክሞ ወደ አፋፉ የሚሮጠው ውኃ ነው፤ በታች አገር የወንዝ ሙላት ሆኖ የሚታየውም ይኸው ውኃ ነው። በዚህ ምክንያት መንግሥት በአካባቢው ጎርፍን ለመግታት ያወጣው ገንዘብ በራሱ ስም ተመዝግቦ አይገኝም፤ የአፈር ጥበቃ፣ የምግብ እርዳታ፣ የመንገድ ጥገና ወይም የተፋሰስ ልማት እየተባለ በልዩ ልዩ አርእስት ሥር ተበታትኗል። ከገንዘቡ የሚበልጠው የወጪ ክፍል፣ ማለትም የገበሬው ጉልበት፣ ለረጅም ዘመን በየትኛውም አርእስት ሥር ሳይገባ ቆይቷል።

የአካባቢው የውኃ አወራረድ ከጮቄ ተራራ ይጀምራል። ከፍታው 4,000 ሜትርን የሚያልፈው ይህ ተራራ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋንና ተምጫን የመሳሰሉ ወንዞችን ወደ አባይ የሚልክ ሲሆን፣ ከተራራው ግርጌ እስከ ደጀን አፋፍ የተዘረጋው ደጋ በአብዛኛው ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ በክረምት ግን ውኃ ሲጠግብ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ወደ ውስጥ መስረግ ስለማይችል ወይ በማሳው ላይ ይተኛል፣ ወይ ተዳፋት ካገኘ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ በመሆኑና የጤፍ ማሳ ደግሞ በሐምሌ ልስልስ ተደርጎ ታርሶ የሚዘራ በመሆኑ፣ መሬቱ እርቃኑን የሚሆንበት ጊዜና ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። የጎጃም ገበሬ ከዚህ ጋር የተዋጋበት ጥንታዊ መሣሪያ ፈሰስ ነው። ፈሰስ ማለት ዘር ከተዘራ በኋላ በማረሻ ማሳውን አግድም ሰያፍ እየቆረጡ የሚያወጡት ጠባብ ቦይ ሲሆን፣ ተግባሩ ትርፉን ውኃ በአንድ ወገን ሰብስቦ ከማሳው ጠርዝ ማውጣት ነው። ቦዩ በየዓመቱ ቦታው እየተለዋወጠ እንደ አዲስ ይወጣል፤ ልኩ በገበሬው ዓይን የሚወሰን ነው። በጣም ሲተኛ ውኃው ይቆምበታል፤ በጣም ሲቆም ራሱ ፈሰሱ እየተቦረቦረ ሄዶ በጥቂት ክረምት ቦረቦር፣ ማለትም በሬም ሰውም የማይሻገረው ጥልቅ ሰርጥ ይሆናል።

ፈሰስ የግል ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን የግል ሆኖ አይቀርም። አንዱ ከማሳው ያስወጣው ውኃ የሌላው ማሳ ላይ ይገባል፤ ስለሆነም ፈሰስ በወሰን ላይ የሚነሣ ጠብ አንዱ ምንጭ ነበር። የርስት ሥርዓት በጎጃም መሬትን በዘር ሐረግ ለብዙ ወራሾች በጥብጣብ እየቀደደ ያከፋፈለ በመሆኑ፣ አንድ ተዳፋት ከላይ እስከ ታች የብዙ ሰዎች ማሳ ይሆናል፤ ውኃው ግን ተዳፋቱን እንደ አንድ መሬት ይወርድበታል። ጠቡን የሚዳኙት የአገር ሽማግሌዎችና የመንደሩ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ሥራ ሲከብድ በወንፈልና በደቦ ይሠራ ነበር። ከመሬቱ ግብርና አሥራት የሚሰበስበው ባለጉልትም ሆነ ከበላዩ ያለው መንግሥት ውኃን ለመግታት ያወጡት ወጪ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን እንደ ቸልታ ብቻ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለዚያ ዘመን ሹማምንት አባይ ድንበርና ምሽግ ነበር፤ በክረምት ሲሞላ መልካው ተዘግቶ ጎጃም ከሸዋ ትለያለች፤ ወንዙ ለንጉሥ የሚያስፈራው በሙላቱ ሳይሆን በማዶው ነበር።

የአባይን ውኃ በገንዘብ መተመን የጀመሩት የታች አገሮችና የእነርሱ ገዥዎች ናቸው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያ መንግሥት በአባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ተጠየቀ። እንግሊዞች በሱዳን የሰናርን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ሠርተው ጨርሰው የጥጥ እርሻ ሲያለሙ፣ ከጮቄ ተጠርጎ የወረደው ደለል በቦዮቻቸው ውስጥ እየተኛ በየዓመቱ የሚጠረግ ወጪ ሆነባቸው። ውኃውንና ደለሉን በታች የሚለካ መሐንዲስ ነበር፤ አፈሩ በተነሣበት ማሳ ላይ ግን ለመለኪያም ሆነ ለመከላከያ የተመደበ ገንዘብ አልነበረም። ይህ ዝንፈት ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ሁሉ መልኩን እየለወጠ ይታያል።

በደጀን አካባቢ የመንግሥት ገንዘብ በብዛት መፍሰስ የጀመረው በመንገድ በኩል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ ያገኘችው ብድር ዋናው ክፍል 5 ሚሊዮን ዶላር ለአውራ ጎዳና የተሰጠ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ አባይን በድልድይ ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን የሚወጣ በመሆኑ በአገሪቱ ካሉት መንገዶች ሁሉ ለመጠገን ከሚያስቸግሩት አንዱ ሆነ፤ በዚያ ተዳፋት ላይ ዋናው ጠላት ውኃ ስለሆነ የመንገዱ ጥገና በጀት ስሙ ባይሰጠውም የጎርፍ መከላከያ በጀት ነበር። ከድልድዩ አጠገብ ከሴ የተባለው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ተተከለ፤ ከድልድዩ በላይ ካለው ከ60 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ተሰብስቦ የሚመጣው ውኃ መጠን በዚያ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ያካሄደው የአባይ ተፋሰስ ጥናት፣ ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና ከሱዳን ወሰን አጠገብ ያለውን የድንበር ግድብ ጨምሮ 33 የመስኖና የኤሌክትሪክ ኃይል ፕሮጀክቶችን ለየ። ትኩረቱ በወንዙ ላይ ነበር፤ ተፋሰስ፣ ማለትም ውኃው አንድ መውረጃ የሚጋራው መሬት ሁሉ፣ ለግድቡ ውኃ የሚያቀርብ ስፋት ሆኖ ተቆጠረ እንጂ ሰው የሚኖርበትና የሚያርሰው መሆኑ ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

በዚያው ዘመን ለጎርፍ መከላከል የሚታይ ገንዘብ ያገኘው አዋሽ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኃይል ከማመንጨቱም በላይ የአዋሽን ሙላት እየያዘ በታች ላሉት ሰፋፊ እርሻዎች ውኃ እንዲለቅ ሆነ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተመሠረተ። የስኳርና የጥጥ እርሻ ባለበት ቦታ ጎርፍ የሚያደርሰው ጥፋት በብር ሊቆጠር ስለሚችል ለመከላከያው ገንዘብ መጠየቅ ቀላል ነው። በጎጃም ደጋ የሚጠፋው አፈር በየዓመቱ ስስ ሽፋን ሆኖ ስለሚሄድ፣ ለገንዘብ ሚኒስቴር የሚቀርብ የኪሣራ ሒሳብ አልነበረውም።

ከጎጃም ገበሬ የሚፈለገው ሒሳብ ግን በቂ ነበር። ጠቅላይ ግዛቱ መሬት ለማስለካት እምቢ ብሎ በቆየበት ሁኔታ፣ ኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን አስቀርቶ በምርት ላይ ግብር እንዲከፈል ደነገገ። የገማች ሹማምንት ወደ መንደር መግባት መሬትን የመለካትና ርስትን የመንጠቅ መጀመሪያ ተደርጎ ስለተቆጠረ፣ በጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ ቀድሞ በተጠራቀመው ምሬት ላይ ተጨምሮ በያውራጃው አመፅ ተቀሰቀሰ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን እስከ ማሰማራት ደረሰ፤ በመጨረሻ ግን እንደራሴው ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብር ማሩ። በአመፁ ታሪክ ውስጥ ከግብሩ መጠን ባልተናነሰ የሚነገረው ገበሬው ለከፈለው ግብር በምላሹ ያየው ነገር ጥቂት መሆኑ ነው፤ አፈሩን ከመሸርሸር የሚጠብቅ የመንግሥት አገልግሎት እጅግ ጥቂት በሆነበት አካባቢ ይህ ክርክር ትልቅ ክብደት ነበረው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የወጣው አዋጅ ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች በአንድ አካል ሥር ለማዋል መሣሪያ ፈጠረ፤ ያም አካል የገበሬ ማኅበር ነው። ከወሎ ረሃብ በኋላ የእርሻ ሚኒስቴር የአፈርና ውኃ ጥበቃን የራሱ ክፍል ያለው የመንግሥት ሥራ ሲያደርገው፣ ገንዘቡን ያገኘው ከምግብ እርዳታ ነበር። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመረው ፕሮጀክት 2488 በታሪክ ከታዩት የምግብ ለሥራ መርሐ ግብሮች ትልልቆቹ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ እርከን ለሠራ ወይም ችግኝ ለተከለ ሰው ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይከፈል ነበር። እርከን ማለት ተዳፋቱን ከፍታ ተከትሎ የሚሠራ የአፈር ወይም የድንጋይ ግርግዳ ሲሆን፣ የውኃውን ሩጫ በየጥቂቱ እየቆረጠ አፈሩን ከኋላው ያስቀራል። ስንዴው የሄደው ግን በአብዛኛው ረሃብ ወደ ደረሰባቸው ወደ ወሎ፣ ወደ ትግራይና ወደ ሐረርጌ ነው። ጎጃም ትርፍ አምራች ተብሎ የተመደበ ስለነበር ከዚህ ገንዘብ ድርሻው አነስተኛ ሆነ፤ እንዲያውም የጎጃም ገበሬ በየዓመቱ በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ የሚያስገባ ነበር። ለጎርፍ መከላከል ሥራ በአንዱ ክፍለ ሀገር እህል እየተከፈለ በሌላው ክፍለ ሀገር እህል በርካሽ እየተወሰደ፣ ሁለቱም ተዳፋት ግን ሲሸረሸሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች መልሶ ማቋቋሚያ ጥናት ከደጋው በየዓመቱ የሚጠረገውን አፈር ወደ 1.9 ቢሊዮን ቶን ሲገምት፣ ዝናብ የሚበዛበትና አምራች የሚባለው ምዕራባዊ ደጋ ከአደጋው ውጭ አለመሆኑ ግልጽ ሆነ።

ጎጃም በዚህ ዘመን ያገኘው ትልቁ ነገር ገንዘብ ሳይሆን መለኪያ ነው። በስዊዘርላንድ መንግሥት ገንዘብ፣ በበርን ዩኒቨርሲቲና በእርሻ ሚኒስቴር ትብብር እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በ1976 ዓ.ም. በደምበጫ አቅራቢያ፣ በምንጨት ጅረት ላይ የአንጀኒን ጣቢያ ከፈተ። የተፋሰሱ ስፋት 113 ሄክታር ብቻ ሲሆን፣ ከጅረቱ መውጫ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ ተተከለ። ዝናብ ጥሎ ጅረቱ ሲደፈርስ የጣቢያው ሠራተኛ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ውኃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ውኃው እየተጣራ የቀረው ጭቃ ደርቆ ይመዘናል፤ ይህ ሥራ ከክረምት ክረምት ሳይቋረጥ ለረጅም ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። በ1978 ዓ.ም. በተፋሰሱ ላይ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ። በኬንያ የተለመደው ይህ ዘዴ ከሌላው የአፈር እርከን የሚለየው ከቦዩ የሚቆፈረው አፈር ወደ ላይኛው ወገን የሚጣል በመሆኑ ነው፤ አፈሩ ከግርግዳው ኋላ እየተከማቸ ሲሄድ ተዳፋቱ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ደረጃ እየሆነ ይተኛል። ልኩ የሚያዘው በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል በተወጠረ ሲባጎና በሲባጎው መካከል በተንጠለጠለ ውኃ ልክ ነው።

አንጀኒ ያሳየው ነገር የሚያስደስትም የሚያስቸግርም ነበር። እርከኑ መሬቱን እያስተኛና አፈሩን እያስቀረ መሄዱ የተረጋገጠ ሲሆን፣ የምርት ጭማሪው ግን ወዲያው የሚታይ አልሆነም፤ ምክንያቱም እርከኑ ራሱ ከማሳው ላይ የሚታረስ መሬት ይወስዳል፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ከግርግዳው ኋላ ውኃ ይተኛል። ገበሬዎች ከዚህ ሌላ ያነሡት የነበረው ቅሬታም ተጨባጭ ነበር፤ በእርከኑ ውስጥ አይጥ ይራባል፣ አረም ይበዛል፣ ጥንድ በሬ አዙሮ ለማረስ ቦታ ይጠባል። የመንግሥት ወጪ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። እርከኑ የሚጠቅመው ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ባለ ማሳና በታች ለሚኖረው ባለ መስኖ ከሆነ፣ ወጪውን በዚህ ዓመት ብቻውን የሚሸከመው ዛሬ የሚያርሰው ሰው የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? የዘመኑ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ትእዛዝ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀና በሚቀጥለው ዓመት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ትእዛዙ ሲነሣ በብዙ አካባቢዎች እርከኖች ፈረሱ፣ የማኅበር ደኖች ተጨፈጨፉ። የፈረሰውን ሁሉ የድንቁርና ሥራ አድርጎ የሚያቀርበው የያኔው የባለሙያ ጽሑፍ ገበሬው ያደረገውን ሒሳብ አላየም።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሥርዓት የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ሁለት ተቃራኒ መልእክት በአንድ ዓመት ደረሰው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ቢሮክራትና ቅሪተ ፊውዳል ከተባሉት ላይ መሬት እየቀነሰ ለሌላው ሲያድል፣ የተረፈውም ሰው ነገ ከእኔ ይወሰዳል ብሎ በማሳው ላይ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥራ ለመሥራት እንዲያመነታ አደረገ። በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በስዊድን የልማት ድርጅት በሲዳ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ የአማራ ገጠር ልማት ፕሮግራም በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ሥራ ጀመረ፤ ለአፈር ጥበቃ፣ ለግብርና ምክርና ለገጠር መንገድ ገንዘብ አመጣ። ከፕሮግራሙ ሥራዎች ሁሉ ጎርፍን በመግታት ረገድ ሩቅ የሄደው በቀጥታ ከጎርፍ ጋር የማይገናኘው ነው፤ ይኸውም በሁለቱ ዞኖች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ክልሉ የተስፋፋው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ነው። ማሳው በስሙ በደብተር የተመዘገበለት ሰው ለሚቀጥለው ዓመት እርከን ጉልበት ለማውጣት የተሻለ ምክንያት አለው፤ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998ም ባለ ይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት አብሮ ደንግጓል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የተከሰቱት ጎርፎች የመንግሥትን ዓይን እንደገና ወደ ቆላ መለሱት። በሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ ከ200 በላይ፣ በነሐሴ በኦሞ ወንዝ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በፎገራ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ በድሬዳዋ የመከላከያ ግንብ፣ በፎገራ የወንዝ ዳር ግድግዳና የርብ ግድብ የመሳሰሉት ሥራዎች ከመንግሥት ግምጃ ቤትና ከውጭ ብድር ገንዘብ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተፈቀደው የጣና በለስ የተቀናጀ የውኃ ሀብት ልማት ፕሮጀክት በ45 ሚሊዮን ዶላር የተፋሰስ ሥራንና የጎርፍ አያያዝን አንድ ላይ አስተሳሰረ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም ደግሞ የዓለም ባንክን፣ የዓለም የአካባቢ ተቋምንና የጀርመንን ገንዘብ አሰባስቦ በ45 ተፋሰሶች ሥራ ሲጀምር፣ በኢትዮጵያ የላይኛው ተዳፋት ራሱን ችሎ ሰፊ በጀት ያገኘበት መርሐ ግብር ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ግን፣ ለእርከን ሥራ በጥሬ ገንዘብና በእህል የሚከፍል ቢሆንም፣ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች የተዘጋጀ በመሆኑ፣ አብዛኛውን የጎጃም ወረዳ ሳይነካ አለፈ። ትርፍ አምራች መባል በደርግ ዘመን ያስከፈለውን ዋጋ በዚህኛውም ዘመን አስከፍሏል።

ይህን ክፍተት የሞላው ነፃ ጉልበት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተፋሰስ ልማት በሕዝብ ንቅናቄ እንዲሠራ ስለተወሰነ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ለሥራ የደረሰ ገጠሬ ሁሉ በዓመት ከ20 እስከ 40 ቀን ገደማ ያለ ክፍያ እንዲወጣ ተደረገ። ሥራው የሚመራው በግብርና ባለሙያና በልማት ቡድን ሲሆን፣ ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ከእርሱ በታች እርከን ይሠራል፤ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትርና በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት ይዘጋል፤ ዳገቱ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ይከለላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በገበያ የሚገዛው ዋናው ዕቃ የጋቢዮኑ ሽቦ ነው፤ ስለዚህም ፕሮጀክት በሌለበት ቀበሌ ትልልቆቹ ቦረቦሮች ሳይዘጉ ሲቀሩ፣ በሰው ክንድ ብቻ የሚሠራው እርከን በብዙ ኪሎ ሜትር ይሠራል። በ1994 ዓ.ም. የወረዳ የድጎማ በጀት ሥርዓት ሲጀመር ወረዳዎች በገንዘባቸው ራሳቸው እንዲወስኑ የታሰበ ቢሆንም፣ ከሚደርሳቸው ገንዘብ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ የሚውል ስለሆነ ለሽቦ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዘመቻው መጨረሻ የሚወጡ ሪፖርቶች የሕዝቡን ጉልበት በብር ተምነው ከፍተኛ አሃዝ ሲያሳዩ ይህ አሃዝ እንደ ተሳትፎ ይቀርባል እንጂ ሰው የከፈለው ግብር ተደርጎ አይቆጠርም፤ ግብር ቢባል ኖሮ ከመሬት ግብሩ ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ለማወቅ ረጅም ስሌት አያስፈልግም።

በደጀን ወረዳ ይህ ሁሉ የሚያበቃው በአፋፉ ላይ ነው። ከከተማዋ እስከ ድልድዩ የሚወርደው ተዳፋት ከላይ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በታች ጂፕሰምና ቅጠላማ ሸክላ ድንጋይ፣ ከሁሉም በታች አሸዋ ድንጋይ ተደራርበው የሚታዩበት ነው። ከደጋው ላይ በስንጥቅ የሚሰርገው የክረምት ውኃ ውኃ በማያሳልፈው ንብርብር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በላዩ ተከምሮ የነበረውን ልቅ አፈርና ድንጋይ እያራሰ ያንሸራትተዋል፤ መንገዱም በየክረምቱ አብሮ ይሰነጠቃል፣ ይሰጥማል። የጃፓን መንግሥት በእርዳታ የመንገዱን እድሳትና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የህዳሴ ድልድይ አሠራ። የመሬት መንሸራተቱ ግን ስለቀጠለ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከመንገዶች ባለ ሥልጣንና ከጂኦሎጂ ሰርቬይ ጋር በሸለቆው የመሬት መንሸራተት መከላከያ ጥናት አካሄደ። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ የመከላከያው ፍሬ ነገር ውኃውን ከመሬት ውስጥና ከመሬት ላይ በቦይና በቱቦ ማስወጣት ነው፤ ማለትም ከላይ ያለው ገበሬ በማረሻው የሚሠራውን ፈሰስ በመሐንዲስ ልክ እንደ መድገም ያለ ነው። ልዩነቱ ግን ብዙ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ዋና መንገድ ሲሰጥም ኪሣራው በአንድ ቀን የሚታይ በመሆኑ ለዚህኛው ውኃ ገንዘብ ከቶኪዮም ቢሆን መገኘቱ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ የጉዳዩን ሒሳብ ለውጦታል። ግድቡ በቦንድ፣ ከደመወዝ በተቆረጠ መዋጮና በመንግሥት ገንዘብ ሲሠራ፣ ከቦንድ ገዢዎቹ ውስጥ በየክረምቱ አፈሩ ወደ ግድቡ የሚወርድበት የደጋ ገበሬም አለ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ኩሬ በደለል እንዳይሞላ የሚደረገው ጥበቃ ከግድቡ ግንብ ሳይሆን ከማሳው የሚጀምር ስለሆነ፣ ቀድሞ ሱዳን ብቻዋን ስትጠርገው የነበረው ደለል አሁን በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ላይ የሚያርፍ ሆኗል። እርከን ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ ከኋላው አፈር እየሞላ ሲመጣ በየጊዜው ግርግዳው ከፍ ካልተደረገ ውኃው ከላዩ ዘሎ ይሰብረዋል፤ የፕሮጀክት ገንዘብ ግን በአብዛኛው አዲስ እርከን የተሠራበትን ኪሎ ሜትር የሚቆጥር እንጂ የቆየው የተጠገነበትን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ይህን ችግር አባብሶታል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ላለው ጉዳይ የተሰጠ አንድ መልስ የታወቀ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከካትስኪል ተራራ ነዋሪዎች ጋር ባደረገችው ስምምነት፣ ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የማጣሪያ ጣቢያ ከመሥራት ይልቅ ውኃው በሚመነጭበት መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች መሬታቸውን በጥንቃቄ እንዲይዙ መክፈልን መረጠች። ለከተማዋ ነገሩን ያቀለለላት ከፋዩም ተከፋዩም በአንድ መንግሥት ሥር መሆናቸውና የሚጠራው ውኃ መጠን መታወቁ ነው። ከፋዩን በተመለከተ በኢትዮጵያ አሁን የኤሌክትሪክ ኃይል ሻጩ ድርጅት አለ። ልኩን በተመለከተም ከአንድ የጎጃም ተዳፋት እርከን ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ ምን ያህል አፈር እንደወረደ፣ በአንጀኒ ጣቢያ በየ10 ደቂቃው ከተቀዳው ውኃ የተመዘነ የብዙ ክረምት መዝገብ ተቀምጧል።